አእምሮና መሣሪያ፦ የአንድ መቶ ዓመት ጉዞና ያስከተለው አደራ

ጁላይ 6 ቀን 1924 ዓ.ም. ዬና በምትባለው የጀርመን ከተማ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት በራስ ቅሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ነበር። ሐንስ ቤርገር የሚባለው የአእምሮ ሐኪም በዚህ ጊዜ ከወጣቱ ራስ ጋር ባገናኛቸው ሽቦዎች አማካይነት ከአንጐሉ የሚመነጨውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመለኪያ መሣሪያ ለመመዝገብ ቻለ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2024 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ አገር ከትከሻው በታች ሰውነቱ የማይታዘዝለት አንድ ጐልማሳ በአንጐሉ ውስጥ 1,024 ኤሌክትሮዶች ተተከሉለት፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ እጁን ሳያንቀሳቅስ በኮምፒዩተር የሰንጠረዥ (የቼዝ) ጨዋታ ሲጫወት ዓለም ተመለከተው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል ያለው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የድል ታሪክ ሆኖ ነው፤ «መሣሪያው የሰውን ሐሳብ ማንበብ ጀመረ» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ታሪኩን ከሌላ አቅጣጫ መመልከት ነው። አንጐልንና ኮምፒዩተርን የማገናኘቱ ሥራ ሰውና መሣሪያ እርስ በርስ የሚማማሩበት ረጅም ልምምድ እንጂ ሐሳብን የማንበብ ጥበብ ሆኖ አያውቅም። ልምምዱም መሣሪያው ከተተከለበት ቀን አንሥቶ ሰውየው እስከተጠቀመበት ድረስ የሚቀጥል በመሆኑ፣ የሠራውና የተከለው ወገን ከባድ አደራ ይሸከማል። ይህ አደራ የት ላይ እንደተጠበቀ፣ የት ላይም እንደፈረሰ መመርመር፣ መጪውን ጊዜ ለመገመት ከማናቸውም ትንቢት ይበልጥ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የመነሻው ዘመን

ሕይወት ባለው ሥጋ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩን ለዓለም ያስታወቀው የቦሎኛው ሉዊጂ ጋልቫኒ ነው። በ1791 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ የእንቁራሪት እግር ጡንቻ በኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚንቀሳቀስ አስረዳ። በ1875 ዓ.ም. ደግሞ የሊቨርፑሉ ሐኪም ሪቻርድ ካተን ከጥንቸሎችና ከጦጣዎች አንጐል ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት መለካቱን በኤደንብራ ለተሰበሰቡት የብሪታንያ ሐኪሞች አስታወቀ። በሰው ላይ ይህንኑ ለማሳየት ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አስፈለገ።

ቤርገር ወደዚህ ምርምር የገባበት ምክንያት የሚያስገርም ነው። በወጣትነቱ የውትድርና አገልግሎት ሲፈጽም ከፈረስ ላይ ወድቆ፣ በፈረሶች ከሚጐተት መድፍ መንኰራኩር ሥር ለጥቂት ተረፈ። በዚያኑ ዕለት ማታ ደኅንነቱን የሚጠይቅ ቴሌግራም ከአባቱ ዘንድ ደረሰው። ቴሌግራሙ የተላከው፣ እኅቱ ወንድሟ ክፉ ነገር እንዳገኘው ተሰምቷት አባቷን ስለ ወተወተች ነበር። ቤርገር የሥጋቱ ሐሳብ ከራሱ ወጥቶ ወደ እኅቱ እንደ ተላለፈ አመነ፤ የሐሳብን ኃይል በመሣሪያ ለመለካትም ዕድሜውን ሰጠ።

ያገኘው ግን የፈለገውን አልነበረም። በመዝገቡ ላይ የታየው በሰኮንድ አሥር ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ሲሆን፣ መጠኑም በአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ እጆች የሚቆጠር ነው። ይህ ሞገድ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ ይጐላል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ይደክማል። ሐሳብን ለማጥመድ በተዘረጋው መረብ የተያዘው የዕረፍት ሞገድ ሆነ። ቤርገር ውጤቱን ይፋ ያደረገው ከአምስት ዓመት ጥንቃቄ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ነው። የአገሩ ባለሙያዎች በጥርጣሬ ቢመለከቱትም በ1934 ዓ.ም. የካምብሪጅ ሊቃውንት ኤድጋር ኤድሪያንና ብራያን ማቲውስ ሙከራውን ደግመው እውነተኛነቱን አረጋገጡ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚጥል በሽታን ለመመርመር የሚያገለግለው የአንጐል ሞገድ መመዝገቢያ ከዚህ ሥራ የተወለደ ነው።

ትምህርቱ የሁለት ወገን ነው

ከቤርገር በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት ውስጥ መሣሪያው አዳማጭ፣ ሰውየውም ተደማጭ ብቻ ሆነው ቆዩ። ይህንን ሥርዓት የለወጠው በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ኤበርሃርድ ፌትዝ ያካሄደው ሙከራ ነው። ፌትዝ ከአንዲት ጦጣ አንጐል ውስጥ የአንዲት ነርቭ ሕዋስን ምት ብቻ በቀጭን ኤሌክትሮድ እየተከታተለ የምቱን ፍጥነት በመለኪያ ቀስት ለእንስሳዪቱ አሳያት፤ ምቱ በፈጠነ ጊዜም ምግብ ሰጣት። ጦጣዪቱም ቀስቱን እየተመለከተች ያችኑ ሕዋስ በፈቃዷ ማፍጠን ተማረች።

የሙከራው ትርጉም ከፍ ያለ ነው። አንጐል እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ተቀምጦ የሚነበብ ነገር እንዳልሆነና የሥራውን ውጤት መልሰው ካሳዩት ራሱን እያረመ ከመሣሪያው ጋር እንደሚስማማ ታወቀ። ክራር መምታት የሚማር ሰው ጣቱ ከአውታሩ ጋር እስኪግባባ ድረስ ደጋግሞ እንደሚሞክር ሁሉ፣ አንጐልም ከጡንቻ ይልቅ ሽቦ ቢሰጡት ሽቦውን ይለማመዳል ማለት ነው።

በ1973 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዣክ ቪዳል፣ የአንጐል ሞገድ ኮምፒዩተርን ለማዘዝ ይችል እንደሆነ የሚመረምር ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት «የአንጐልና የኮምፒዩተር መገናኛ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ጽሑፍ ነው። በ1977 ዓ.ም. ባሳተመው ሌላ ጽሑፍም፣ ሰዎች በራስ ቆዳቸው ላይ በተለጠፉ ኤሌክትሮዶች አማካይነት በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ያለችን ምልክት ጠመዝማዛ በሆነ መንገድ ውስጥ ሊመሩ እንደሚችሉ አሳየ።

የፊደል ገበታና የአንጐል ሞገድ

መናገርም ሆነ መንቀሳቀስ ለማይችል ሕመምተኛ የመጀመሪያውን የጽሕፈት መንገድ በ1988 ዓ.ም. ያቀረቡት ላሪ ፋርዌልና ኢማኑኤል ዶንቺን ናቸው። የላቲን ፊደላትና ጥቂት ምልክቶች ስድስት ረድፍና ስድስት ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ፣ ማለትም በ36 ቤቶች ተደርድረው በመስኮት ላይ ይታያሉ። ረድፎቹና ዓምዶቹ በየተራ ብልጭ ይላሉ። ተመልካቹ የሚፈልጋት ፊደል ያለችበት ረድፍ ወይም ዓምድ ሲበራ፣ ከሰኮንድ ሢሶ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በአንጐሉ ውስጥ አንድ የታወቀ ሞገድ ይነሣል፤ ኮምፒዩተሩም ከዚሁ ተነሥቶ ፊደሏን ይለያል። ፍጥነቱ በደቂቃ 2.3 ፊደል ነበር። ይህም ማለት አንዲት ፊደል ለመጻፍ 26 ሰኮንድ ያህል ያስፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛን ፊደል ማስታወስ ተገቢ ነው። የፊደል ገበታችን ራሱ ሠንጠረዥ ነው፤ 33 ቤተሰቦች በረድፍ፣ ሰባት ሆሄያትም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በዓምድ ተሰልፈው 231 ቤቶች ይሆናሉ። በሕፃንነታችን በእንጨት እየጠቆምን የተማርነው ገበታ ለዚህ ዘዴ የተሰናዳ ይመስላል። ሆኖም እንዳለ ቢወሰድ በእያንዳንዱ ዙር በ12 ብልጭታ ፈንታ 40 ያስፈልጋል። በሁለት ደረጃ ቢከፈል ግን ነገሩ ይቀላል፤ መጀመሪያ 33ቱ ቤተሰቦች በ36 ቤቶች ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ችግር ይገባሉ፣ ቀጥሎም ከሰባቱ ሆሄያት አንዱ ይመረጣል። ይህን የምንጠቅሰው ለሌላ አገር ፊደል የተሠራ መሣሪያ ለእኛ እንዲያገለግል ፊደላችንን የሚያውቅ ባለሙያ እንደሚያስፈልገው ለማመልከት ነው።

ከራስ ቅል በታች

በራስ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን የሚሰማው ከስታዲየም አጥር ውጭ እንደ ቆመ ሰው ነው። የሕዝቡ ጩኸት ይደርሰዋል፣ የአንዱ ተመልካች ቃል ግን አይለይለትም። የእያንዳንዱን ሕዋስ ምት ለመስማት ወደ ውስጥ መግባት ግድ ይሆናል። ለዚህ የተሠራው የታወቀ መሣሪያ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ኖርማን የነደፈው፣ ጐኑ አራት ሚሊሜትር የሆነና አንድ መቶ ያህል መርፌዎች የበቀሉበት ጠፍጣፋ ገጽ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ይህ መሣሪያ በስለት ተወግቶ ኅብለ ሠረሠሩ ለተቈረጠበት ለማቲው ኔግል ተተከለለት። በ2006 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው ዘገባ እንደሚያስረዳው፣ ይህ ሰው በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ያለችን ጠቋሚ ለማንቀሳቀስ፣ ቴሌቪዥን ለማዘዝ፣ ሰው ሠራሽ እጅንም ለመክፈትና ለመዝጋት ችሎአል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በአንጐሏ ግንድ ላይ በደረሰ ሕመም ምክንያት 15 ዓመት ያህል እጅና እግሯ የማይታዘዙላት አንዲት ሴት፣ በአንጐሏ በምታዘው የብረት ክንድ የቡናዋን ዕቃ አንሥታ መጠጣቷ ተዘገበ።

ከዚህ ወዲህ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄደ። በ2021 ዓ.ም. በስታንፎርድ አንድ ሰው በእጁ እንደሚጽፍ ሆኖ በመሞከር ብቻ በደቂቃ 90 ፊደል ጻፈ። በ2023 ዓ.ም. ሁለት የተለያዩ ቡድኖች መናገር የተሳናቸው ሁለት ሴቶች በደቂቃ 62ና 78 ቃላት እንዲያወጡ አስቻሉ። ተራው የእንግሊዝኛ ንግግር በደቂቃ 160 ቃላት ያህል መሆኑን ስናስታውስ ርቀቱ ምን ያህል እንደ ጠበበ እንረዳለን። በ2024 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ፣ የነርቭ በሽታ አንደበቱን ያሰናከለበት አንድ ሰው 125 ሺህ ቃላት ካሉት መዝገብ ውስጥ ከመቶ 97 እጅ ትክክል የሆነ ንግግር አሰማ፤ ድምፁም ከመታመሙ በፊት ከተቀዳው ከራሱ ድምፅ የተሠራ ነበር። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

ነገር ግን በእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ መሣሪያው ያዳመጠው ምኑን እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኤሌክትሮዶቹ የሚተከሉት በአብዛኛው እጅን፣ ከንፈርንና ምላስን በሚያዝዘው የአንጐል ክፍል ነው። ስለዚህ መሣሪያው የሚተረጕመው ሰውየው ለመጻፍ ወይም ለመናገር የሚያደርገውን ጥረት ነው። ትእዛዙ ከአንጐል ይወጣል፤ ወደ ጡንቻ የሚወስደው መንገድ ስለ ተቋረጠ ሽቦው ድልድይ ይሆነዋል። በልብ የተሰወረውን ሐሳብ ግን አይበረብርም። ሁለተኛም፣ የጐደለውን የሚሞላው ከብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተማረው ኮምፒዩተር ነው። በአማርኛ «አልነገርኳችሁም» የምትለው አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ አምስት ቃላት ትጠይቃለች። በመሆኑም የእንግሊዝኛውን የቃላት መዝገብ በቀጥታ መገልበጥ አይበጅም። የአማርኛ ድምፅና ጽሑፍ በብዛት ተሰብስቦ ካልተሰናዳ፣ መሣሪያው አገራችን ቢደርስ እንኳ ለሕመምተኛው በባዕድ ቋንቋ ብቻ የሚናገር አንደበት ይሰጠዋል።

ከተተከለ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በሰው ሥጋ ውስጥ የተተከለ መሣሪያ እንደ ሬዲዮ ሲበላሽ ተጥሎ ሌላ የሚገዛበት ዕቃ አይደለም። ሰውነት ባዕድ ነገርን በጠባሳ ይከብባል፤ የሚሰማው ምልክት በዓመታት ውስጥ ይደክማል፤ ባትሪ ያልቃል፤ የኮምፒዩተሩ መመሪያ ያረጃል። በመግቢያችን በጠቀስነው የ2024 ዓ.ም. ተከላ እንኳ፣ ከፀጉር የቀጠኑት ክሮች አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከስፍራቸው ተንሸራተው የመሣሪያው አቅም ቀንሶ ነበር። የተመለሰው መሐንዲሶቹ ወዲያው የኮምፒዩተሩን የአተረጓጐም ስልት በመለወጣቸው ነው። በዚያን ጊዜ መሐንዲሶቹ ባይኖሩ ኖሮስ?

አደራው ለተጠበቀበት ምሳሌ የሚሆነን ለደንቆሮዎች በውስጥ ጆሮ የሚተከለው መስሚያ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. በፓሪስ፣ አንድሬ ዡርኖና ሻርል ኤሪዬስ የመስሚያ ነርቭን በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱ ነው። ብዙዎች አይሆንም ቢሉም ባለሙያዎች ሠላሳ ዓመት ያህል አሻሻሉት። በአሜሪካ መንግሥት የተፈቀደው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከ 2019 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ላይ ከ700 ሺህ በላይ ተተክሎአል። የተስፋፋበት ምክንያት ጥበቡ ብቻ አይደለም፤ ከሥጋ ውጭ ያለው ክፍል ሊለወጥና ሊታደስ መቻሉ፣ ተጠቃሚውን የሚያለማምዱ ባለሙያዎችም መሠልጠናቸው ነው። በ1987 ዓ.ም. በግረኖብል አሊም ሉዊ ቤናቢድ የጀመረው፣ በፓርኪንሰን በሽታ የሚንቀጠቀጡትን ለመርዳት በአንጐል ውስጥ ጠልቆ የሚተከለው ቀስቃሽ መሣሪያም በዚሁ መንገድ ተደላድሎአል።

አደራው የፈረሰበት ምሳሌ ደግሞ አርገስ 2 የሚባለው የማያ መሣሪያ ነው። በመነጽር ላይ ያለች ካሜራ ያየችውን፣ በዓይን ውስጠኛ ሽፋን ላይ ወደ ተተከሉ 60 ኤሌክትሮዶች ታስተላልፋለች። ይህ ሽፋን በመሠረቱ ከአንጐል የበቀለ የነርቭ ክፍል ነው። መሣሪያው በአውሮፓ በ2011፣ በአሜሪካ በ2013 ዓ.ም. ተፈቀደ። ዋጋው 150 ሺህ ዶላር ያህል ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከ350 በላይ ዓይነ ስውራን ተተከለላቸው። ጨለማ ብቻ ያውቁ የነበሩ ሰዎች የበርን ጠርዝና የመንገድን መስመር በብርሃን ነጠብጣብ ለዩ። ይሁን እንጂ ሰከንድ ሳይት የተባለው ኩባንያ በ2019 ዓ.ም. መሣሪያውን መሥራት አቆመ፤ በ2020 ዓ.ም. በገንዘብ እጥረት አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ። በ2022 ዓ.ም. በይፋ እንደ ተዘገበው፣ ተጠቃሚዎቹ መለዋወጫም ጠጋኝም በሌለው መሣሪያ ቀሩ። አንዳንዶቹ ዳግመኛ ጨለመባቸው፤ የማይሠራውን ብረትም በዓይናቸው ውስጥ ይዘው ይኖራሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥበቡ አልተሳሳተም፤ ሐኪሙም አልሳተም። የጐደለው፣ ኩባንያው ቢከስር መሣሪያውን ማን ይረከባል የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ አለማግኘቱ ነው። መለዋወጫ አጥቶ፣ ሥዕሉ ጠፍቶ፣ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ የሕክምና መሣሪያ በሆስፒታል መጋዘን ውስጥ የተመለከተ የሙያ ባልደረባችን ሁሉ የነገሩን ሥር ያውቀዋል። ልዩነቱ አሁን መጋዘኑ የሰው አካል መሆኑ ነው።

መጪው ጊዜና የሙያችን ድርሻ

መንግሥታት ነገሩን መመልከት ጀምረዋል። በ2021 ዓ.ም. የቺሌ መንግሥት የአንጐልን እንቅስቃሴና ከእርሱ የሚገኘውን መረጃ የሚጠብቅ ቃል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። በ2023 ዓ.ም. የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድ የራስ ላይ መሣሪያ የሚሸጥ ኩባንያ ከአንድ ዜጋ አንጐል የመዘገበውን መረጃ እንዲደመስስ አዘዘ። ዩኔስኮም በ2025 ዓ.ም. ስለ ነርቭ መሣሪያዎች ሥነ ምግባር ለአባል አገሮች ሁሉ የሚሆን የምክረ ሐሳብ ሰነድ አጸደቀ። እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ናቸው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ክርክር የሚያተኩረው «ሐሳባችን ይሰረቅ ይሆን?» በሚለው ላይ ነው። ከላይ እንደ ተመለከትነው፣ እስከ ዛሬ በተጨባጭ የደረሰው ትልቁ ጉዳት ግን የተሰጠው ብርሃን ተመልሶ መወሰዱ ነው።

ስለዚህ እንደዚህ ያለ መሣሪያ ወደ ማንኛውም ሆስፒታል ሲቀርብ፣ በሽያጭም ይሁን በስጦታ ወይም በሙከራ ስም፣ የማኅበራችን አባላት ከውል በፊት ሊጠይቋቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ባትሪውንና መለዋወጫውን ለስንት ዓመት፣ ማን ያቀርባል? ሁለተኛ፣ ሠሪው ሥራውን ቢያቆም የመሣሪያው ሥዕልና የኮምፒዩተሩ መመሪያ ለማን ይተላለፋል? ሦስተኛ፣ ሕመምተኛው መሣሪያው ይውጣልኝ ወይም አይውጣብኝ ቢል ወጪውን ማን ይችላል? አራተኛ፣ ከአንጐሉ የተመዘገበው መረጃ የማን ንብረት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የፍልስፍና ሊቅ አይሹም፤ መሣሪያ የጠገነ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ለዚህም ነው ከሐኪሙና ከሕግ አዋቂው ጐን የመሐንዲሱና የጥገና ባለሙያው ድምፅ መሰማት ያለበት።

ቤርገር ከፈረስ በወደቀባት ዕለት ያገኘው የእኅቱ ሥጋት በሽቦ የመጣ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገውን ያን ኃይል መሣሪያዎቻችን ዛሬም አልለኩትም። ያለፈው መቶ ዓመት ያስገኘልን ከዚያ ያነሰ፣ ግን የሚጨበጥ ነገር ነው፤ አንደበቱ የተያዘ ሰው ለልጁ ቃል ሊናገር ይችላል፣ እጇ የማይታዘዝላት ሴት ቡናዋን ራሷ ልትጠጣ ትችላለች። የሚቀጥለው መቶ ዓመት የሚመዘነው በኤሌክትሮዶች ቁጥር አይመስለንም። የሚመዘነው፣ ያ ሰው ነገ ጧት ሲነቃ አንደበቱ አሁንም በስፍራው መኖሩን የሚያረጋግጥለት፣ ቢበላሽም ስልክ ሲደወልለት የሚመልስ ባለሙያ በመገኘቱ ነው።